ፍየል የለንም

ሰው "ደህና ነኝ" ሲለኝ ቀድሜ የማየው ዓይኑን ነው። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ወለጋ ሳለን እናቴ "አንቺ ልጅ የጠባሽውን ጡትም ሳትጠረጥሪው አልቀረሽም" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ለኑሮ አይመችም፣ ለሥራዬ ግን ይጠቅመኛል ብዬ አምን ነበር። ባለፍየሉ "ትናንት ነው የታመመችው" ሲለኝ ቁስሉ አሥር ቀን እንደሞላው ከቅርፊቱ አውቃለሁ፤ "አንድም አልሞተብኝም" ሲለኝ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ቆዳ አያለሁ። በዚህ ጠባዬ በጣም የምኮራበት ጊዜ ነበር፣ የማወራውም ስለዚያ ጊዜ ነው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡት ሰዎች አሶሳ ዙሪያ ሰፍረው ሁለተኛውን ክረምት ሲጨርሱ ነበር ወደዚያ የተመደብኩት። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፣ ሥልጠናዬም አጭር፤ ሰዉ ግን "ዶክተር" ይለኛል፣ እኔም አላረምኩም። ሰፈሮቹ አምባ ይባላሉ፤ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠሩት። እኔ የምሠራባቸው አራቱ፣ አምባ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስርና አስራ አንድ፣ አንድ ወንዝ ይዘው በተራ የተቀመጡ ናቸው። የቀርከሃ ቤቶቹ በገመድ ተለክተው የተተከሉ ነበሩና ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ ከኋላቸው ሰው የሚውጥ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ የቀርከሃ ጫካ ነው።

በሬ እዚያ አገር አይበረክትም። ዝንቡ በሚያመጣው ገንዲ እየከሳ ይሞታል። መሬቱን የሚያርሰው የማኅበሩ ትራክተር ነው፣ ምርቱም የሚገባው ወደ ማኅበሩ መጋዘን ነው። ሰፋሪው "የኔ" የሚለው ነገር ቢኖር ከአገሬው ከበርታዎቹ ያገኛት አንዲት ወይም ሁለት ፍየል ናት። ብዙዎቹ ለእርዳታ የተሰጣቸውን ብርድ ልብስ ሰጥተው ነው ያገኟት። ብርዱን ችለው ፍየሏን መረጡ ማለት ነው።

ፈንጣጣው በአምባ ስምንት በኩል የገባው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። የፍየል ፈንጣጣ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ትኩሳት ይይዛታል፣ ከዚያ ከንፈሯ ላይ፣ ጡቷ ላይ፣ ከጭራዋ ሥር፣ ጠጉር በሌለበት ቦታ ሁሉ ምስር የሚያክል እብጠት ይወጣና ቅርፊት ይይዛል። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ይድናሉ። የሚያልቁት ግልገሎቹ ናቸው፤ በሽታው ያልገደለውን ግልገል እናቱ ጡቷ ስለቆሰለ አላስጠጋ ትለውና በረሃብ ይሞታል። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ ጥቂት ስለነበር መሥሪያ ቤቴ "በሽታው በብዛት ያለበት ቦታ ቅድሚያ ያገኛል" አለና ቅጽ ሰጠኝ። በየአምባው ስንት ፍየል አለ፣ ስንቱ ታሟል፣ ስንቱ ሞቷል፤ ቆጥረሽ አምጪ ተባልኩ።

የቆጠራው ደንብ ግልጽ ነበር። ወደ አንድ አምባ ከመሄዴ ሁለት ቀን በፊት ለሊቀመንበሩ ወረቀት ይላካል፤ ፍየሎቹ ወደ ግጦሽ ሳይወጡ ደጅ ላይ ታስረው እንዲጠብቁኝ። በደንቡ መሠረት ወረቀት ልኬ በሦስተኛው ቀን አምባ ስምንት ደረስኩ።

"ፍየል የለንም" አለኝ የመጀመሪያው ሰውዬ፣ ደጁ ላይ ቆሞ።

"ይሄስ ምንድን ነው?" እግሩ ሥር የተበተነውን በጠጥ አሳየሁት።

"የአምናው ነው።"

"ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ከርሞ?"

"የዚህ አገር አፈር እንዲህ ነው፣ ዶክተር። ምንም ነገር አይበሰብስበትም።"

ጫማ በሳምንት ሻጋታ በሚያወጣበት አገር ነው ይህን ያለኝ። በጫማዬ አፍንጫ ገፋ ሳደርገው በጠጡ ገና እርጥብ ነበር። ሁለተኛው ቤትም ፍየል የለም፣ ሦስተኛውም። ጓዳ ገብቼ ሳይ ምሰሶው ላይ የታሰረ ገመድ አለ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ግን ማንም የለም። የአምባውን ቤት ሁሉ አዳርሼ ያገኘሁት ሰባት ፍየል ነበር። ሰባቱም ጤነኞች።

ለምን እንደሚደብቁ ቶሎ ነው የገባኝ። አምና ዶሮ ተቆጥሮ ነበር። ዶሮው ተቆጥሮ ብዙም ሳይቆይ የእንቁላል መዋጮ መጣ። አንድ ሁለት ፍየል በግል መያዝ አልተከለከለም ይባላል፣ ግን ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ማን ያምናል? እኔ ራሴ ብሆን አላምንም። ስለዚህ በውሸታቸው አልተቀየምኩም፤ ይልቅ እንደ ጨዋታ ያዝኩት፣ እነሱ ይደብቃሉ፣ እኔ አገኛለሁ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

ማደሪያዬ አምባ ዘጠኝ ነበር፣ አንዲት ሸምገል ያሉ የወሎ ሴት ቤት። እትዬ ነበር የምላቸው። ባልና ልጆቻቸውን በድርቁ ቀብረው ብቻቸውን የመጡ ናቸው። ፊታቸው በሰው ፈንጣጣ የተቦረቦረ ነው፤ በልጅነታቸው ይዟቸው ከሞት ተርፈው። ስለ ሥራዬ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ከፍየል ወደ ሰው ይጋባል?" ብለው ነው።

"አይጋባም፣ እትዬ። ሌላ በሽታ ነው።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አሉኝ፣ እንዳላመኑኝ እያወቅሁ። እሳቸውም ፍየል እንደሌላቸው ነግረውኛል። እኔም እንዳላመንኳቸው ያውቃሉ። ተከባብረን ነበር የምንኖረው፤ የማሽላ ገንፎ ያበሉኛል፣ ባሚያ በደረቅ ሥጋ ሠርተው ያቆዩኛል፣ ጫማዬን እሳት ዳር ያደርቁልኛል። ያን ዓመት እንደ እሳቸው የያዘኝ ሰው አልነበረም።

አምባ ዘጠኝን ቆጠርኩ፣ ከዚያ አስርን፣ ከዚያ አስራ አንድን። አስርን ከመቁጠሬ በፊት፣ ወረቀቱም ሳይደርሳቸው፣ በዚያ ሳልፍ አንዲት ሴት ደጅ ቡናማ ፍየል አየሁ፣ ግራ ቀንዷ ከግማሹ የተሰበረ። "የራሴ ናት፣ ከግልገልነቷ ያሳደግኋት" አለችኝ ሴትዮዋ። ከቀናት በኋላ አምባ አስራ አንድ ስደርስ ያችው ቀንደ ሰባራ አንድ ሰውዬ ጓዳ ውስጥ ታስራ ቆማለች። ሰውዬውም ከግልገልነቷ ነው ያሳደጋት። ከንፈሯን ገልጬ ሳይ ቅርፊት ይዟል። ሌቦች ናቸው ብዬ ደመደምኩ፤ ማስታወሻዬ ላይም "ፍየል ይሰራረቃሉ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ዙሩን ጨርሼ ስመለስ ሁሉ ነገር ተለውጦ ነበር። ንጹሕ ብዬ የመዘገብኩት አምባ ዘጠኝ ውስጥ ግልገል እየሞተ ነው። ከዘጠኝ በኋላ አስር ውስጥ ፈነዳ፣ ከአስር በኋላ አስራ አንድ ውስጥ። የታመመን መደበቅ ከባድ ስለሆነ አሁን ፍየሎቹ ይታዩ ጀመር፤ ፍየል የለንም ካሉኝ ቤቶች ብዙዎቹ የታመመ ፍየል ነበራቸው። በየቅጹ ላይ ከቆጠርኳቸው የታመሙት ይበዛሉ። እንዲህ የበዛበት ቦታ ሰምቼም አላውቅም ነበር። በሽታው ዝም ብሎ አልነበረም የተበተነው፤ ተራውን ጠብቆ፣ ወንዙን ይዞ፣ ከአምባ አምባ እየተሻገረ ነበር።

ይህን አስተውዬ ዝም ብል ምን ነበረበት። አላልኩም። የሰፈራው ካድሬ ጽሕፈት ቤቱ ጠርቶ ሻይ አቀረበልኝና "ምን አገኘሽ?" ሲለኝ እንደ ጎበዝ ተማሪ መለስኩለት።

"በሽታው ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ጓድ።"

"ወንዙን ተከትሎ ፍየል የሚያግደው ማን ነው?"

ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ አምባዎቹ ሳይቆረቆሩ በፊት ጀምሮ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። አርባ ያህል ፍየል አላቸው፣ የሚተዳደሩት በእነሱው ነው፣ ሌላ ነገር የላቸውም። ካድሬው ያን መሬት ለማኅበሩ እርሻ እንደሚፈልገው አገር ያውቃል። ይህንንም እያወቅሁ፣ ራሴም ሽማግሌውን ከጠረጠርኩ ሰንብቼ ስለነበር፣ አፌን ከፍቼ "እሳቸው ናቸው" አልኩ።

ካድሬው ብዕሩን አነሳ። "የኢኮኖሚ አሻጥር" ብሎ ሲጽፍ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ አነበብኩት። ቅዳሜ ጠዋት የአራቱ አምባ ስብሰባ ይጠራል፤ የኔ ሪፖርት ይነበባል፤ የሰውዬው ፍየሎች ተገድለው ይቃጠላሉ፣ እሳቸው ወደ አሶሳ ይወሰዳሉ። ወደ አሶሳ ተወስደው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሻዩን አስቀመጥኩ።

"ፍየሎቻቸውን ሳላይ ሪፖርት መጻፍ አልችልም" አልኩት።

"እስከ ቅዳሜ እዪ" አለኝ፣ እየሳቀ።

በማግስቱ ወረቀት ሳልልክ ወንዙን ተሻገርኩ። ሽማግሌው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፍየሎቹን አንድ ሳያስቀሩ ሰብስበው አቆሙልኝ። በዚያ ወር ማንም ያላደረገልኝን ነው ያደረጉልኝ፤ እኔ ግን ይህንንም ጠረጠርኩት። ምን ያህል ቢተማመኑ ነው አልኩ። የእያንዳንዷን ከንፈር ገለጥኩ፣ ጡት ዳሰስኩ፣ ጭራ አነሳሁ። አንዲት የታመመች የለችም። የአንዳንዶቹ ከንፈር ላይ ግን ድሮ የዳነ ጠባሳ አለ።

"ይሄ ፈንጣጣ ነው፣ አባቴ። እርስዎ ጋ ነበረ ማለት ነው።"

"ነበረ" አሉ ያለ ድንጋጤ። "ድሮ፣ ሰፋሪ ሳይመጣ። ትንሽ ትንሹ ሞተ፣ ትልቁ ተረፈ። ኸላስ፣ አለቀ። የተረፈ ሁለተኛ አይታመምም። ኋላ የተወለደውን ለሰፋሪ ሰጠሁ።"

ልክ ነበሩ። አንድ ጊዜ ይዞት የለቀቀው ፍየል ዳግም አይያዝም፣ ለሌላም አያስተላልፍም። የእሳቸው መንጋ የተከተበ ያህል ነው። የሰፋሪዎቹ ፍየሎች ግን አብዛኞቹ ከየገበያው የተለቃቀሙ፣ በሽታውን አይተው የማያውቁ ናቸው፤ ሌሊቱን አንድ ክፍል ውስጥ ከሰውም ከሌላ ፍየልም ጋር ተቃቅፈው ነው የሚያድሩት። እነሱ ላይ ለምን እንደበዛ በዚህ ገባኝ። ግን ከአምባ አምባ የወሰደው ማን ነው? ጠየቅኋቸው።

ገመዱን አስቀምጠው አዩኝ። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንዱንም ሴቷንም "አንተ" ነው የሚሉት።

"አንተ ስትመጣ ፍየል ይሄዳል። አንተ ስትሄድ ፍየል ይመጣል። ወላሂ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብሎ ያያል። ወረቀት መጣ ይላሉ፣ ፍየል ወደዚያ አምባ ይነዳሉ። ከዚያ አንተ ወደዚያ ትሄዳለህ፣ ያ ፍየል፣ የዚያም ፍየል፣ ሁሉ ወደ ፊት ይነዳሉ። ወደ እኔም መጡ፣ ዶክተር እስኪሄድ ያዝልን አሉ። የታመመ ነው፣ አልይዝም አልኩ።"

እዚያው ማንጎው ሥር ተቀምጬ ቅጾቹን አወጣሁ። ወረቀት የላክሁባቸውን ቀኖች ከላይ፣ በሽታው የታየባቸውን ቀኖች ከታች አስቀመጥኩ። ከዘጠኝ ጀምሮ በየአምባው በሽታው የፈነዳው የኔ ወረቀት ከእሱ በፊት ላለው አምባ ከደረሰ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ፈንጣጣ ተጋብቶ እስኪወጣ የሚፈጅበት ጊዜ ልክ ያን ያህል ነው። ወንዙን ተከትሎ የሄደው በሽታው አልነበረም፤ ወንዙን ተከትዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ወረቀቴ በደረሰ ቁጥር የሁለት አምባ ፍየል አንድ አምባ ጓዳ ውስጥ ይታጎራል፤ እኔ ስደርስ ደግሞ ተነቃንቆ ወደሚቀጥለው። በሽታው እንዴት እንደበዛ ልቆጥር ሄጄ ያበዛሁት እኔ ራሴ ነኝ። አፈርኩ። ከማፈር አልፎ ሽማግሌውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ቅዳሜ ምን እንደተደገሰላቸው አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ቤት ስገባ እትዬ የከሰዓቱን ዝናብ ተጠልለው ማሽላ ይለቅማሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ የሽማግሌውንም የቅዳሜ ነገር ጭምር። የሚለቅሙትን ማሽላ ወደ ጎን አደረጉ።

"ቀንደ ሰባራዋን አይተሻታል አይደል?" አሉኝ።

"አይቻታለሁ።"

"የኔ ናት።"

ብርድ ልብሳቸውን ሰጥተው ያገኟት ከሽማግሌው ከራሳቸው ነው። እኔ እሳቸው ቤት እንደማርፍ የሰሙ ዕለት ወደ አምባ አስር ወሰዷት፤ ከዚያ ወረቀቴን እየሰሙ ወደ አስራ አንድ። አሁን ድናለች፣ አርግዛለችም። "ከአንቺ አንድ አምባ ቀድማ ነው ስትሄድ የከረመችው" አሉኝና ፈገግ ለማለት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። "ሰውዬው አላደረጉም። ይህን እንድታውቂው ነው የነገርኩሽ። ግን ልጄ፣ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ። ሆድሽ ውስጥ ይቅር።"

"እሺ" አልኳቸው። እሺ ስል ከልቤ ነበር።

ቅዳሜ ከቀርከሃ በተሠራው የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የአራቱ አምባ ሰው ታጭቋል። ሽማግሌው ከፊት፣ በሁለት ታጣቂዎች መካከል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ለምን እንደመጡ እስካሁን የገባቸው አይመስሉም ነበር፤ ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው እየጠበቁ ዞር ዞር ይላሉ። እኔን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉልኝ።

ተነስቼ እውነቱን ተናገርኩ። የሽማግሌው ፍየሎች ጤነኞች ናቸው፤ በሽታውን ያዛመተው ፍየሎች በቆጠራው ጊዜ ከአምባ አምባ መዘዋወራቸው ነው፤ ጥፋቱ የቆጠራው አሠራርና የኔ ነው። ይህን ካልኩ ይበቃል ብዬ ነበር።

"ማን አዘዋወረ?" አለ ካድሬው።

"ማን የሚለው አይጠቅምም፣ ጓድ። ሁሉም—"

"ሁሉም ማለት ማንም ማለት ነው። ሰውዬውን ለማዳን የፈጠርሽው ሊሆን ይችላል። ከአምባ ወደ አምባ ፍየል የነዳ አንድ ሰው ስም ንገሪኝና እሳቸውን አሁን እለቃለሁ።"

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ስንቱ እንደነዳ አውቃለሁ፤ በጠጣቸውን አይቻለሁ፣ ገመዳቸውን ይዣለሁ፤ ማረጋገጫ ያለኝ ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፣ ያም ከራሱ አንደበት የሰማሁት። እትዬ ራሳቸው ይነሱ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሱም። ካድሬው ለታጣቂዎቹ ምልክት ሰጠ፤ አንደኛው የሽማግሌውን ክንድ ያዘ። ያን ጊዜ የእትዬን ስም ከነአባታቸው ጠራሁ።

ለምን እንደጠራሁ እስከ ዛሬ ለራሴ በብዙ መንገድ አስረድቻለሁ። የሰው ሕይወትና የአንዲት ፍየል ነገር ነው፤ ማንም ቢሆን ያደርገዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነት ያልሆነው ሌላ ስም ለማሰብ ሞክሬያለሁ ማለቴ ነው። አልሞከርኩም። አፌ ላይ የመጣው በጣም የማምነው ሰው ስም ነበር፣ ያልተጠራጠርኩት ያ ሰው የነገረኝን ብቻ ስለነበር።

ሽማግሌውን ለቀቋቸው፤ የእትዬ ቅጣት ፍየሏ ብቻ ሆነች። ቀንደ ሰባራዋን ከአምባ አስራ አንድ ፈልገው አመጧት። "ድናለች፣ ማንንም አታስይዝም፣ አርግዛለች" ብዬ ብለምን ካድሬው አልሰማኝም፤ ለተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ነገር ሲቃጠል ማሳየት ነበረበት። አዳራሹ ደጅ ላይ ገድለው አቃጠሏት። እትዬ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ፣ አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ያም አሳፈረኝ።

ዕቃዬን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አዛወርኩ። እትዬ ገንፎ መላክ አላቋረጡም፤ ሌላ ሰው እያመጣልኝ፣ ሳህኑንም ሌላ ሰው እየመለሰ። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው ባሰብኩ ቁጥር ምን እንደምል አጣሁ። እንዳልዋሸሁባቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

ክትባቱ የመጣው ከወር በኋላ ነው። ቅጾቼ ላይ የነበረው ቁጥር አስደንግጧቸው ለአራቱም አምባ የሚበቃ በበረዶ ሣጥን ላኩልኝ። አምባ ዘጠኝ ላይ ልጀምር አልኩ። በዚያ አምባ በሽታው ያልነካቸው ቤቶች ገና ነበሩ፣ ግልገል የሚጠብቁ ቤቶችም ብዙ ናቸው፤ አሁን ከተከተቡ ይተርፋሉ። ይህኛው ክትባት አንዴ ከተበጠበጠ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ፀሐይ ሳይበረታ ማለቅ አለበት። በዋዜማው ከቤት ቤት እየዞርኩ ቅጽ እንደሌለኝ፣ ስም እንደማልጽፍ፣ ፍየሎቹን ብቻ ጠዋት ወደ ሜዳው እንዲያመጡልኝ ለመንኩ። ሁሉም በትሕትና ሰሙኝ።

ጠዋት ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። ክትባቱን በጥብጬ ስጠብቅ ከወንዙ ማዶ አቧራ ተነሳ። ሽማግሌው አርባውንም ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ።

"አባቴ፣ የእርስዎ አያስፈልጋቸውም። እርስዎ ራስዎ እኮ ነግረውኛል።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ሰው ይይ። አንተ ትወጋለህ፣ ፍየል አይሞትም፣ ማንም አይወስድም። ያያሉ፣ ይመጣሉ።"

ስለዚህ የማያስፈልጋቸውን አርባ ፍየሎች አንድ በአንድ ከተብኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ ከየደጁ የሚያየን ካለ ጊዜ እንዲያገኝ። ሽማግሌው እየያዙልኝ ወደ ቤቶቹ እያዩ ይጠብቃሉ። ከቀርከሃው ጫካ ውስጥ የግልገሎች ጩኸት ይሰማል፣ ብዙ ግልገሎች፣ በጣም ቅርብ። የመጣ ሰው የለም። ሽማግሌው እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ፣ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ፍየሎቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ሰዓቱ ስላለፈ የተረፈውን ማፍሰስ ነበረብኝ። እያፈሰስኩ ሳለ እትዬ ከወንዝ ውኃ ቀድተው በዚያ በኩል አለፉ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፊት ለፊት ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነበር።

"ተረፈ እንዴ?" አሉኝ።

"ተረፈ፣ እትዬ። ለአምባው ሁሉ ይበቃ ነበር።"

ወደ ጫካው ጆሯቸውን ሰጡ፤ እኔ የሰማሁትን እሳቸውም ይሰማሉ።

"ዛሬ ንጋት ላይ ቤቴ መጥተው ነበር" አሉኝ። "አስራ አምስት፣ ሃያ ሰው ይሆናሉ። ፍየሎቻቸውን ያምጡ አያምጡ ሊጠይቁኝ። እዚህ አገር ዶክተሯን የሚያውቃት አንቺ ብቻ ነሽ፣ ቤትሽ ኖራለች፣ ትታመናለች ወይ አሉኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"አውቃታለሁ ብቻ ነው ያልኳቸው" አሉና ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።